በማዳበሪያ ስም የተቀመጠው ለቅሶ

ሴት ልጃችን በተወለደች በአሥራ ሁለተኛው ቀን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሞተ። ስልኩ ሲደወል ቢሮ ነበርኩ። የደወሉት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት ናቸው፤ ከሽንዲ ወዲያ ካለው የገጠር ቤታቸው ሆነው። አላለቀሱም። ልጃቸው ሦስት ቀን ታሞ ማረፉን በአጭሩ ነገሩኝና ወዲያው ስለ ባለቤቴ ማውራት ጀመሩ። አራስ ናት፤ ድንጋጤ ወተቷን ያደርቀዋል፤ እሷንም ሊጥላት ይችላል። ስለዚህ ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል አስጠነቀቁኝ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎች መጥተው እንደ ወጉ መርዶውን ይነግሯታል።

በእኛ አገር ይህንን ውሸት ብሎ የሚጠራው የለም። አራስን መጠበቅ ነው። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ መዋሸት አይሆንልኝም፤ ጆሮዬ ይቀላል፣ ሳልጠየቅ ማብራራት እጀምራለሁ። ሁለት ወር ከምናምን ሙሉ፣ በአንድ አልጋ እየተኛሁ፣ የወንድሟን ሞት እንዴት አድርጌ እንደምሸሽጋት አላውቅም ነበር።

ለቀብሩ የሄድኩት ለማዳበሪያ ሥራ ቡሬ እወርዳለሁ ብያት ነው። የምሠራው ፍኖተ ሰላም፣ ግብርና ላይ ስለሆነ በዚያ ወቅት ማዳበሪያ ብሎ መውጣት ማንንም አያስጠረጥርም። ከቡሬ ወደ ሽንዲ ያገኘሁት መኪና ዘግይቶ ስለነበር ለቅሶው መሐል ላይ ደረስኩ። አማቴ የልጃቸውን ኮት በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው፣ ሕዝቡ መሐል እየዞሩ ሙሾ ያወርዳሉ። አንድ የአጎት ልጅ በስልኩ ይቀርጻል። መጀመሪያ ተናድጄ ልከለክለው ነበር፤ በኋላ ሲነግሩኝ ያዘዙት ራሳቸው አማቴ ናቸው። ልጃቸው ቀኗ ሲደርስ እርሟን የምታወጣበት ነገር እንዲቀመጥላት ፈልገዋል። ካወረዱት ሙሾ አንዱ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

እህቱ የት ቀረች ብላችሁ አትጠይቁ፤
አራስ ቤት ናትና ሳቋን እንዳትሰርቁ።

ለቅሶው ሳያልቅ ወደ ቡሬ የሚመለስ መኪና ተገኘና እንዳያመልጠኝ አጣደፉኝ። የአጎቱ ልጅ መቅረጹን ቀጠለ፤ ቪዲዮውን ከሳምንት በኋላ በተዋሱት ሚሞሪ ካርድ ላኩልኝ። ካርዱ ቶሎ ይመለስ የሚል መልእክትም አብሮ መጣ። የኔ ስልክ ደግሞ ሞልቷል፤ ባይሞላም ባለቤቴ እንደ ልቧ የምትከፍተው ስልክ ነው። እናም ያንን ለቅሶ ወስጄ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኩት።

ኮምፒውተሩ የተገዛው ለእሷ ነው። ጸሐፊ ናት፤ በትርፍ ሰዓቷ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ቤት ውስጥ ትተይባለች። ሳሎኑ እንግዳ ስለማይጠፋው መኝታ ቤት ነው ያስቀመጥነው፣ ከአልጋው ግርጌ። ሲበራ ሁለት ስም ያወጣል፤ የእሷንና የኔን። እያንዳንዳችን በየስማችን፣ በየይለፍ ቃላችን እንገባለን፤ ፋይል የምናስቀምጥበት ቦታ ግን የጋራ ነው። ከወለደች ወዲህ ኮምፒውተሩን አልነካችውም ብዬ ነበር የማስበው። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ፤ ለቅሶውን የቢሮ ሥራዬ ካለበት ክፍል አስገብቼ «የማዳበሪያ ስርጭት ሁለት» ብዬ ሰየምኩት። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ይከፍታል? የረሳሁት ነገር ቢኖር የማዳበሪያ ሪፖርቶቼን በሙሉ የምትተይብልኝ እሷ መሆኗን ነው። ስርጭት አንድን ተይባለች። ስርጭት ሁለት የሚባል ነገር ግን ተይባ አታውቅም።

አራሷን ሊጠብቁ ከቡሬ የመጡት የአማቴ ታናሽ እህት ነበሩ፤ የባለቤቴ አክስት። እሳቸውም ሞቱን ያውቃሉ። አራስ ብቻዋን አትተውም ብለው ከግቢ አይወጡም፤ ትራሷ ሥር ቢላ አኑረዋል፤ ቀን ቀን በራፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ጥጥ ይፈትላሉ። ሕፃኗ ወር ሊሞላት አካባቢ አንድ ቀን ለምሳ ስገባ እንዝርታቸው ጭናቸው ላይ ወድቆ፣ እጃቸው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ አገኘኋቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ጠጋ እንድል በዓይናቸው ጠሩኝ።

«እህቴ ቤት ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት» አሉኝ ቀስ ብለው።

እህታቸው፣ አማቴ፣ ሽንዲ ናቸው። ገባሁ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች፤ ሕፃኗም ተኝታለች። ኮምፒውተሩ በርቷል። ስክሪኑ ላይ ያ የሐይቅና የተራራ ሥዕሉ ተዘርግቶ ማን ሊገባ ነው እያለ ይጠብቃል። ሌላ ምንም የለም። ጠዋት ሳላጠፋው ወጥቼ ይሆናል አልኩ። የተቀመጥኩበት ወንበር ግን ሞቅ አለኝ፤ ፀሐይ በማይገባበት ጥግ ያለ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ብድግ ብዬ እንደገና በእጄ ዳሰስኩት። በግልጽ ልናገር፣ ምሳዬን አልበላሁም።

ለአክስቷ እውነቱን ማውጣት ግድ ሆነብኝ። ለቅሶው ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዳለ ስነግራቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ከተቀመጡበት ተነሡ። «ክርስትና ያልተነሣች ልጅ ካለችበት ቤት ለቅሶ አስገብተህ አሳደርኸው?» አሉኝ። ሙሾ ያለ ሬሳ ቤት አይወርድም፤ ከወረደ ደግሞ ሬሳ ይፈልጋል፤ እሳቸው እንደዚያ ነው የሚያውቁት። ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ይውጣ አሉ። እኔም እንዲህ ያለውን ነገር አላምንም የምል ሰው፣ ሕፃኗን አየት አድርጌ ቶሎ እሺ አልኳቸው።

የዚያን ዕለት ከሥራ መልስ፣ ባለቤቴ አክስቷ ዘንድ በራፉ ላይ ተቀምጣ አየር ስትወስድ፣ በስሜ ገባሁና ፋይሉን ፈልጌ አገኘሁት። ከላዩ ላይ ትንሽ ምስል ይታያል፤ ከፍ ብሎ የተያዘ ኮት፣ ውስጡ ሰው የሌለበት። አጥፋ የሚለውን ተጫንኩ። አይጠፋም አለኝ። ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ተከፍቷል፤ መጀመሪያ ዝጋውና እንደገና ሞክር የሚል ነው በእንግሊዝኛ የሚወጣው። የከፈትኩት ነገር የለም። ያለውን ሁሉ ዘጋሁ። ደግሞም ተከፍቷል አለኝ። ስሙን ልቀይር ብል እምቢ፣ ሌላ ቦታ ላንሣው ብል እምቢ። በንዴት ጠረጴዛውን መታሁት። ኮቱ እዚያው ተንጠልጥሎ ያየኛል።

እንግዲያውስ አጥፍቼ ላብራው ብዬ መዝጊያውን ስጫን፣ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ጽሑፍ ወጣ። ሌላ ሰው ይህንን ኮምፒውተር አሁንም እየተጠቀመ ነው፤ ከዘጋኸው ያላስቀመጠው ሥራ ሊጠፋበት ይችላል ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ዞር ብዬ ክፍሉን አየሁ። አልጋው ባዶ ነው፤ በመጋረጃው በኩል የአክስቷ የእንዝርት ድምፅ ይሰማል። ሌላ ሰው ማለት ማን ነው? ተው የሚለውን ተጫንኩና ወጣሁ። በኋላ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ባለቤቴ ጀምራ የተወችው የሰው ጽሑፍ ይጠፋ ይሆናል የሚል ነው። እውነቱ ግን ፈራሁ።

አክስቷ በበነጋው ጸበል ይዘው ገቡ። ግድግዳውን፣ አልጋውን፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ረጩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኪቦርዱ ላይ አንዷ ፊደል አልመታ አለች፤ ዛሬም አትመታም።

የሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ እኔ ነኝ የማውቀው። ቢሮ ውዬ ቤት ስገባ የኮምፒውተሩ የጆሮ ማዳመጫ ሁልጊዜ ከነበረበት ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ተሰቅሎ አገኘዋለሁ። የማዳመጫው መሰኪያ ላላ ያለ ነው፤ ሲነካ ድምፁ ወደ ውጭ ያመልጣል፤ ይህንን አውቅ ነበር፤ ግን ከምን ጋር እንደማያይዘው አላውቅም። ፋይሉን በሞከርኩ ቁጥር ተከፍቷል ይለኛል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ድርግም ሲል ደስ አለኝ፤ አሁን የያዘው ነገር ይለቀዋል ብዬ። መብራቱ በማግስቱ ጠዋት፣ እኔ ቢሮ እያለሁ መጣ። ለምሳ በሩጫ ገብቼ ሞከርኩ። ተከፍቷል። ማሽኑ ሞቶ ተነሥቶ እንኳ ፋይሉ እንደተከፈተ ነው። ያኔ ነው ሟቹን ማሰብ የጀመርኩት። ጥሩ ሰው ነበር፤ በሕይወቱ አንድም ቀን አልተጣላንም። ግን ለእህቱ ሳይነገራት መቀበሩን ያልወደደው መሰለኝ። መስሎኝ ብቻ አልቀረም፤ አንድ ሁለቴ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

በእነዚያው ቀናት አንድ ነገር ቀለለኝ። ባለቤቴ ድሮ በየሁለት ቀኑ፣ ወንድሜ ምነው አራስ ሊጠይቀኝ ሳይመጣ ቀረ እያለች ትጨቀጭቀኝ ነበር። እኔም ኔትወርክ የለም፣ መንገዱ አይመችም፣ እርሻ ይዞታል እያልኩ ጆሮዬ እስኪቀላ እቀባጥራለሁ። አሁን መጠየቅ ተወች። ተመስገን፣ ልጅቱ አስረሳቻት አልኩ። እንዲህ ያለ ቂል ነኝ።

ኢንተርኔት በዚያ ሰሞን ስለማይሠራ ጠይቄ የምረዳው ነገር አልነበረም። በመጨረሻ ዋናው መንገድ ዳር፣ ጋሪዎቹ ከሚቆሙበት ትይዩ ወዳለች ጠባብ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ የነበሩ፣ አሁን ኮምፒውተር የሚጠግኑ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። መብራቱንም፣ ያንን ሌላ ሰው እየተጠቀመ ነው የሚለውንም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዳመጡኝ።

«ፋይል ራሱን አይከፍትም» አሉኝ። «በሌላኛው ስም የገባ ሰው ከፍቶት፣ ሳይዘጋው፣ ስክሪኑን ብቻ ቆልፎ ይነሣል። መብራት ሲመጣ ደግሞ እንደገና ይከፍተዋል። ቤት ማን ማን አለ?»

አራስ ሚስቴ፣ አክስቷ፣ ሕፃኗ አልኳቸው። አክስቷ ፊደል አይቆጥሩም። ይህንን እየተናገርኩ ሳለሁ የገዛ ቃሌ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ሰውየው ፋይሉ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የያዙትን መበየጃ አስቀመጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የገባውን ሰው በግድ አስወጥቶ ፋይሉን የሚያጠፋ መንገድ እንዳለ፣ ከፈለግሁ እንደሚያሳዩኝ ነገሩኝ። አልፈልግም አልኳቸው። እሳቸውም አልገፉበትም።

ከዚያ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ባጃጅ እየጠራኝ አልፌ፣ ገበያውን በየት እንዳለፍኩት አላስታውስም። እኔ ከሟች ነፍስ ጋር ስታገል፣ እሷ በየቀኑ ከዚያች አልጋ ተነሥታ፣ ወገቧ ገና ሳይጠና፣ የእናቷን ሙሾ በማዳመጫ ስትሰማ ነበር። ድምፅ ሳታወጣ። አክስቷ በራፉ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው። በሩ ላይ ደርሼ ስቆም አክስቷ እንዝርታቸውን እንደያዙ ሸለብ አድርጓቸዋል፤ ሁሉ ነገር ጸጥ ብሏል። ጆሮዬን ጣል ባደርግ፣ በጣም ቀጭን ሆና የአማቴ ድምፅ ከመስኮቱ ትወጣለች፤ ከሽንዲ እዚህ ድረስ መጥታ ግድግዳ ውስጥ የገባች ትመስላለች። ነገሩን እያወቅሁትም ፀጉሬ ቆመ።

እንግዳ እንደሚያደርገው ጮክ ብዬ ሳልኩ። ድምፁ ተቋረጠ። ወንበሩ ሲንቀሳቀስ፣ ከዚያ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ትንሽ ቆሜ ገባሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

«እንዴት ዋልሽ?» አልኳት።

«ደህና» አለችኝ፤ ድምጿ እንደ ወትሮው ነው።

እሷን ማቀፍ ነበረብኝ፤ አብሬያት ማልቀስ ነበረብኝ። ግን እኔ ከተናገርኩ መርዶው ፈሰሰ ማለት ነው፤ አንዴ ጮክ ብላ ካለቀሰች ደግሞ አክስቷ የፈሩት ሁሉ ይመጣል፤ ክርስትናውም ለቅሶ ይሆናል። እሷም ይህንን ሁሉ አስባ ነው ዝም ያለችው። ዝምታዋን ከእጇ መንጠቅ አልቻልኩም። በራሴ አፈርኩ፤ በእሷም ትንሽ ተናደድኩ፤ ቅናትም ነበረበት፤ ያንን ሁሉ ብቻዋን መሸከም በመቻሏ።

ለአክስቷ ፋይሉን አጠፋሁት ብዬ ዋሸሁ። ጆሮዬ የቀላ አይመስለኝም፤ አማተቡና ፈትላቸውን ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ለምሳ ስመጣ በሩ ላይ ሳልስል አልገባም። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከአክስቷ አጠገብ በርጩማ ስቤ የቡሬን የድሮ ገበያ፣ የሠርጋቸውን ቀን፣ የሞተችባቸውን በቅሎ ሳይቀር አስወራቸው ነበር። ከውስጥ ድምፅ ያመለጠ ሲመስለኝ ጮክ ብዬ እስቃለሁ። እሳቸውም ይህ ሰው እንዲህ ጨዋታ ወዳድ መሆኑን አላውቅም ነበር እያሉ ይገረሙብኛል።

በሰማንያው ቀን ክርስትናው ሆነ። ባለቤቴ ነጭ ለብሳ፣ ሰው ሁሉ እልል ሲል እልል አለች። ዓይኗን ማየት ስላልቻልኩ ቀኑን ሙሉ እንግዳ ሳስተናግድ ዋልኩ። ከአራት ቀን በኋላ ገና ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ሁለቱ ከሽንዲ፣ አንዱ ከቡሬ። ተቀመጡ። ታላቃቸው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ጀመሩ። ቀጥለው ወንድምሽን ትንሽ አሞት ነበር አሉ፤ ከዚያ ብሶበት ነበር አሉ፤ እንደ ወጉ ደረጃ በደረጃ ወረዱ። እሷ አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው። አላቋረጠቻቸውም፤ ያን ሁሉ መንገድ መጥተዋል። ሲጨርሱ ተነሣች፤ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ያ ከሃምሳ ቀን በላይ የታፈነ ድምፅ ወጣ።

እህትህ መጥታለች፣ በሩን ክፈትላት፤
እንባዋን ቆልፋ የሰነበተች ናት።

ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። አክስቷ ግን ማልቀሳቸውን ትተው ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ዓይኔን መለስኩ።

ለቅሶ ደራሹ በሦስተኛው ቀን ሲቀንስ ባለቤቴ ልጅቱን እያጠባች፣ ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች።

«ዘግቼዋለሁ» አለችኝ። «አሁን ማጥፋት ትችላለህ።»

ምኑን ብዬ አልጠየቅኋትም። ገብቼ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ፋይሉ እዚያው ነው፤ ኮቱም እዚያው። አጥፋ አልኩት። በዚህ ጊዜ እምቢ አላለም፤ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ያንን ሁሉ ቀን ስመኘው የነበረ ጥያቄ ነው። ትዝ ያለኝ፣ ያንን ለቅሶ እስከ መጨረሻው አለማየቴ ነው፤ ሳያልቅ መኪና ይዣለሁ፤ ስገለብጠውም አልከፈትኩትም። አይጥፋ የሚለውን መርጬ ከፈትኩት።

መጨረሻው ላይ ሕዝቡ ተበትኗል። አማቴ ኮቱን አጣጥፈው ክንዳቸው ላይ ይዘው ወደ ስልኩ ይጠጋሉ። ዓይናቸው ደርቋል። እንደ ሙሾ ሳይሆን፣ ሰው በር ላይ ቆሞ እንደሚያወራው ነው የሚናገሩት።

«ልጄ፣ ባልሽን እንዳትቀየሚው። ደብቅ ያልሁት እኔ ነኝ። እሱ መዋሸት አይችልም፣ ፊቱ ያስታውቃል። ብታውቂ እንኳ ቀኑ እስኪደርስ እንዳላወቅሽ ሁኚለት።»

እዚያ ላይ ያልቃል። በሩ ላይ በመሳሌ፣ ጮክ ብዬ በመሳቄ፣ እኔ እሷን የጠበቅኋት መስሎኝ ነበር። ያን ሁሉ ቀን እሷ ነበረች እኔን የጠበቀችኝ። ያኔ ነው ለሟቹ አማቼ ያለቀስኩት፤ ከቀብሩ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ባለቤቴ ልጅቱን ታቅፋ ገባች። ከኋላዬ ቆማ ስክሪኑን አየች።

«አጠፋኸው?» አለችኝ።

«እምቢ አለኝ» አልኳት። «ሰው እየተጠቀመበት ነው ይላል።»

ልጅቱን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከመጀመሪያው እንድከፍተው ጠየቀችኝ።